በስቴት ደንብ ውስጥ «ብቁ አክቹዋሪ» ማነው? ረቂቁ ከመጽደቁ በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

ሰብለ ኮምፕላያንስ
ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ጥያቄው የንብረትና የኃላፊነት መድን የሚሸጥ፣ በአንድ የአሜሪካ ስቴት የተቋቋመ ኩባንያን ይመለከታል። የስቴቱ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ብቁ አክቹዋሪ (የመድን ስጋትንና መጠባበቂያን የሚያሰላ ባለሙያ) ማን እንደሆነ የሚወስኑ ደንቦቹን ለማደስ ረቂቅ አውጥቶ የሕዝብ አስተያየት እየተቀበለ ነው። በሥራ ላይ ያለው ደንብ «የሲኤኤስ አባል፣ ወይም በአካዳሚው የካዡዋልቲ ምክር ቤት የጸደቀ የአካዳሚ አባል» ይላል፤ ሲኤኤስ የንብረትና ኃላፊነት መድን አክቹዋሪዎች ማኅበር ነው፣ አካዳሚው ደግሞ የአሜሪካ አክቹዋሪዎች አካዳሚ። ረቂቁ ይህን ሰርዞ ለሕይወትም፣ ለጤናም፣ ለንብረትም የሚያገለግል አንድ ትርጉም አስገብቷል፤ «የአሜሪካ አክቹዋሪዎች አካዳሚ አባል የሆነና ብቃት ያለው ሰው» የሚል። የኩባንያው የተሾመ አክቹዋሪ ኤይካስ (የሲኤኤስ ተባባሪ አባል) ነው፤ የአካዳሚው አባል ግን አይደለም። የዘንድሮው የመጠባበቂያ አስተያየት፣ ማለትም አክቹዋሪው ለካሳ የተያዘው ገንዘብ በቂ ነው ወይ ብሎ የሚፈርመው ሰነድ፣ በየትኛው ትርጉም ይፈረማል? ይህ አንድ ትርጉም የሚባለው ነገርስ ጉዳት አለው? በረቂቁ ላይ የሕዝብ አስተያየት ብንጽፍ ምን ላይ እናተኩር?

መጠባበቂያ ሠሪ
እህት ሰብለ፣ ረቂቁ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን አደባልቋልና ከሥሩ እንጀምር።

መድን በአሜሪካ የሚመራው በስቴት ነው፤ የ1945ቱ የማካረን ፈርጉሰን ሕግ ይህን አጽንቶታል። ሆኖም እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ቅጽ አይቀርጽም። ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርታቸውን የሚያቀርቡት የኢንሹራንስ ኮሚሽነሮች ብሔራዊ ማኅበር፣ ማለትም ኤንኤአይሲ፣ በሚያወጣው ቅጽና መመሪያ ነው። የስቴት ሕግም አብዛኛውን ጊዜ «በኤንኤአይሲ መመሪያ መሠረት አቅርቡ» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ «ብቁ አክቹዋሪ» የሚለው ትርጉም ወደ አንድ ስቴት የሚገባው በሁለት በር ነው፤ አንዱ መመሪያው፣ ሌላው የስቴቱ የራሱ ደንብ። አሮጌ ደንብ ሳይነካ ሲቀርና መመሪያው ሲቀየር ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን ይኖራል። እናንተ ጋ የሆነው ይኸው ነው።

የእናንተ ስቴት አሮጌ ደንብ የመመሪያው የቀድሞ ትርጉም ነው። መመሪያው ከ2019 ሪፖርት ዓመት ጀምሮ ያንን ትቶ ባለ ሦስት መስፈርት ትርጉም አስገብቷል። ሰውየው በመጀመሪያ፣ የብቃት ስታንዳርዱ (አሜሪካ ውስጥ አስተያየት የሚፈርሙ አክቹዋሪዎች የሚመዘኑበት የሙያ ደንብ) ለዚህ ዓይነት አስተያየት ለይቶ ያስቀመጠውን የመሠረታዊ ትምህርት፣ የልምድና የተከታታይ ትምህርት ግዴታ ማሟላት አለበት። ቀጥሎ፣ ተቀባይነት ያለው የሙያ ማዕረግ ያገኘና እስካሁን የያዘ መሆን አለበት። በመጨረሻም አባል የሆነበት የሙያ ማኅበር ከአካዳሚው ጋር አንድ ዓይነት የሥነ ምግባር ደንብና ያንኑ የብቃት ስታንዳርድ የሚያስከብር፣ አባላቱ አሜሪካ ውስጥ ሲሠሩም በአክቹዋሪዎች የምክርና የዲሲፕሊን ቦርድ፣ በኤቢሲዲ፣ የሚሳተፍ መሆን አለበት።

ሦስተኛውን ደግማችሁ አንብቡት። የአካዳሚ አባልነትን በስም አይጠይቅም። ሲኤኤስ ያንኑ የሥነ ምግባር ደንብ ስለሚያስከብርና በኤቢሲዲ ስለሚሳተፍ የሲኤኤስ አባልነት ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ ረቂቁ ከመመሪያው በአንድ በኩል ይጠብቃል፣ በሌላ በኩል ይላላል። የሚጠብቀው የአካዳሚ አባልነትን ግዴታ ስለሚያደርግ ነው። የሚላላው ደግሞ ዕድሜ ልኩን በጡረታ ዕቅድ ላይ የሠራ የአካዳሚ አባልም «ብቃት ያለው» ነኝ ካለ በሩ ስለሚከፈትለት ነው፤ በምን እንደሚለካ ረቂቁ አልጻፈም።

ለዘንድሮው አስተያየት ረቂቁ ገና ሕግ አይደለም። አሮጌውን ደንብም መመሪያውንም በአንድ ጊዜ የሚያሟላ ሰው ይፈርም። ሲኤኤስ አባል የሆነ ኤይካስ አሮጌውን ደንብ ወዲያው ያሟላል፤ መመሪያውን ማሟላቱ ግን በፈተናው ይወሰናል።

ዳዊት ፈተና ሰባት
ጋሽ መጠባበቂያ፣ «በፈተናው ይወሰናል» ያሉትን ቢያብራሩልን። ኤይካስ ያለ ፈተና 7 መፈረም ይችላል?

መጠባበቂያ ሠሪ
አይችልም ማለት ይቀላል፤ ግን ዝርዝሩ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው።

መመሪያው የሚቀበላቸው ማዕረጎች ሦስት ናቸው። ኤፍካስ (የሲኤኤስ ሙሉ ማዕረግ) ከሆነ ትምህርቱ የፈተና 6ን የአሜሪካ ቅጂ፣ ማለትም የቁጥጥርና የፋይናንስ ሪፖርት ፈተናን፣ የያዘ መሆን አለበት። ኤይካስ ከሆነ የፈተና 6 የአሜሪካ ቅጂ እና ፈተና 7 ያስፈልጉታል፤ ፈተና 7 ያልተከፈሉ ካሳዎች ግምት፣ የኩባንያ ዋጋ ትመናና የድርጅት ስጋት አስተዳደር ነው። ኤፍኤስኤ (የሌላው የአክቹዋሪዎች ማኅበር፣ የኤስኦኤ፣ ሙሉ ማዕረግ) ከሆነ የጠቅላላ መድን ዘርፉን ጨርሶ የፋይናንስና የቁጥጥር ፈተናውን የአሜሪካ ቅጂ እንዲሁም የጠቅላላ መድን ከፍተኛ ርዕሶችን ፈተና ያለፈ መሆን አለበት።

የሚያጋጥሙ ስህተቶች ሁለት ናቸው። አንዱ ፈተና 6ን በካናዳ ቅጂ የወሰደ ኤፍካስ ነው። ማዕረጉ ሙሉ ነው፣ በአሮጌው ደንብም ያልፋል፤ በመመሪያው ግን የአሜሪካው ቅጂ ይጎድለዋል። ሁለተኛው በቀደመው የፈተና ሥርዓት ማዕረግ ያገኘ ሰው ነው። የፈተና ቁጥሮች በየጊዜው ስለተቀያየሩ የያኔው ፈተና 7 የዛሬው ፈተና 7 አይደለም። መመሪያው የቀደሙ ፈተናዎች በምን እንደሚተኩ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው። በማስታወስ አትሂዱ፤ የሰውየውን የፈተና ማስረጃ ከሰንጠረዡ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩ።

ከእነዚህ መስፈርቶች ለወጣ ሰው መመሪያው ሁለት መውጫ አስቀምጧል። በአካዳሚው የካዡዋልቲ ምክር ቤት ተገምግሞ ለተለዩ የመድን ዓይነቶች ብቁ ነው መባል አንዱ ነው። ሌላው የኩባንያው መቀመጫ ስቴት ኮሚሽነር ማጽደቅ ነው፤ በዚህ ጊዜ የማጽደቂያው ደብዳቤ በየዓመቱ ከአስተያየቱ ጋር ይያያዛል፣ በመለያ አንቀጹም ይጠቀሳል። «አምና አያይዘናል» ብሎ መተው ብዙ ጊዜ የሚታይ ግድፈት ነው።

ሄዋን የጥናት ሰዓት
ፈተናው ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሠረታዊ ትምህርቱ የተሟላ፣ ልምዱ ወይም ሰዓቱ ግን ያልተሟላ ሰው ብቁ አይደለም።

ልምድ ማለት በዚያው ጉዳይ ላይ፣ ማለትም በንብረትና ኃላፊነት መድን መጠባበቂያ ላይ፣ በወቅቱ ለዚያ አስተያየት ብቁ በነበረ አክቹዋሪ ክትትል ሥር የተሠራ ቢያንስ 3 ዓመት ኃላፊነት ያለበት ሥራ ነው። ታሪፍ በመቀመር 10 ዓመት ማሳለፍ ለዚህ አይቆጠርም።

ተከታታይ ትምህርት በዓመት 30 ሰዓት ነው። ከ30ው ውስጥ ቢያንስ 6 ሰዓት የተደራጀ ፕሮግራም፣ 3 ሰዓት የሙያ ሥነ ምግባር፣ እንዲሁም ከ2022 ጀምሮ 1 ሰዓት በአድልዎ ርዕስ ላይ መሆን አለበት። የመጠባበቂያ አስተያየት ለሚፈርም ሰው ደግሞ 15 ሰዓት በቀጥታ ከአስተያየቱ ርዕስ ጋር የተያያዘ ይሁን ይላል፤ ከ15ቱም 6ቱ የተደራጀ። ርዕሶቹ የፖሊሲ ዓይነትና ሽፋን፣ የታሪፍ ስሌት መርሆች፣ የሕግ የሒሳብ አያያዝና የወጪ ትንተና፣ የአረቦን፣ የካሳና የወጪ መጠባበቂያ፣ ጠለፋ ዋስትና ናቸው። አንድ ሰዓት የሚባለው 50 ደቂቃ ነው።

15ቱ ከ30ው ውጭ ተጨማሪ ናቸው ብለው 45 የሚደምሩ አሉ፤ ስህተት ነው፣ በውስጡ ነው የሚቆጠሩት። ሌላው ሰዎች የሚጠላለፉበት ዓመቱ ነው። አስተያየቱ በፌብሩዋሪ 2026 ከተፈረመ የሚታየው በ2025 የተሰበሰበ ሰዓት ነው፤ ከ2024 የተረፈ ካለም አንድ ዓመት ብቻ ይሻገራል።  መዝገቡም ቢያንስ 6 ዓመት ይቀመጥ። ከዚህ ሌላ የተሾመ አክቹዋሪ የተከታታይ ትምህርት ግዴታውን ማሟላቱን ማዕረግ ለሰጠው ማኅበር፣ ለሲኤኤስ ወይም ለኤስኦኤ፣ በየዓመቱ ያረጋግጣል፤ ለፍተሻ ከተመረጠ ዝርዝሩን ያቀርባል።

ሕግ አርቃቂ
ወደ ረቂቁ ልመለስ፤ ትልቁ ችግር ያለው እዚያ ነው።

«አንድ ትርጉም ለሁሉም» ሲነበብ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን በስቴት ደንብ መጽሐፍ ውስጥ «አክቹዋሪ» የሚለው ቃል ከሚገመተው በላይ ብዙ ቦታ ተበትኗል፤ እያንዳንዱም ቦታ የራሱ ምንጭ አለው። የንብረትና ኃላፊነት መጠባበቂያ አስተያየት ከዓመታዊ ሪፖርት መመሪያው ይመጣል። የሕይወት መድን ደግሞ የመጠባበቂያ አሰላል ከሚወስኑት ከትመና ሕጉና ከትመና ማኑዋሉ ይመጣል፤ ማኑዋሉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የማኔጂንግ ጄኔራል ኤጀንት፣ ማለትም ኩባንያውን ወክሎ መድን የሚያስተዳድር ወኪል፣ ሞዴል ሕግ (ኤንኤአይሲ ለስቴቶች ያዘጋጀው ናሙና) የራሱ ትርጉም አለው፤ «አክቹዋሪ ማለት የአሜሪካ አክቹዋሪዎች አካዳሚ መልካም ስም ያለው አባል ነው» ይላል። የረጅም ጊዜ እንክብካቤና የሜዲኬር ማሟያ ደንቦችም የየራሳቸው ማረጋገጫ አላቸው። ረቂቁን የሠራው ባለሙያ ቃሉን በደንቡ ሁሉ ፈልጎ ካላወጣው አንዱን ያድስና አምስቱን ይረሳል።

የትመና ሕጉ በሕግ አውጪው ምክር ቤት የወጣ ሕግ ነው፤ ደንብ አይሽረውም። ስለዚህ ረቂቁ ለሕይወት መድን የሚለው ከሕጉ ጋር ቢጋጭ የሚወድቀው ደንቡ ነው፤ እስኪወድቅ ድረስ ግን ኩባንያዎች ሁለቱንም ለማሟላት ይንገላታሉ።

ማንም ልብ የማይለው ሌላ ነገር አለ። ለሕይወት መድን የተጻፈው የአስተያየትና ማስታወሻ ሞዴል ደንብ ብቁ አክቹዋሪን ሲተረጉም የማገጃ አንቀጽ አካቷል። ባለፉት 5 ዓመታት ያቀረበው አስተያየት ወይም ማስታወሻ መስፈርቱን ሳያሟላ ቀርቶ በኮሚሽነሩ ውድቅ የተደረገበት፣ በማጭበርበር የተፈረደበት፣ ብቃት ማነስ ወይም አለመታመን የታየበት ሰው ብቁ አይደለም፤ ይህ የሚወሰነው ግን ማስታወቂያ ከደረሰውና ከተሰማ በኋላ ነው። «ማስታወቂያና መሰማት» የሚሉት ቃላት የአክቹዋሪው መከላከያ ናቸው። ሁሉን በአንድ መስመር ሲጨፈልቁ ይህ አንቀጽ ይጠፋል፤ ኮሚሽነሩ የማገድ መሣሪያውን፣ አክቹዋሪው ደግሞ የመሰማት መብቱን ያጣሉ። ሁለቱም ወገን የሚከስርበት ማሻሻያ ማለት ይህ ነው።

ፌዴራላዊ የሆነም አለ። የ1986ቱ የኃላፊነት ስጋት ማቆያ ሕግ የስጋት ማቆያ ቡድኖች (አባላቱ የራሳቸውን የኃላፊነት ስጋት በጋራ የሚዋስኑባቸው ኩባንያዎች) በየዓመቱ የሚያቀርቡት የመጠባበቂያ አስተያየት «በአሜሪካ አክቹዋሪዎች አካዳሚ አባል ወይም ብቁ በሆነ የካሳ መጠባበቂያ ስፔሻሊስት» የተሰጠ እንዲሆን ይላል። የስቴት ደንብ ይህን ቃል አይለውጠውም። ረቂቁ የስጋት ማቆያ ቡድኖችን ስም ሳይጠራ ቢያካትታቸው ግጭት ይፈጥራል።

ሽመልስ የትንሽ ኩባንያ
አንድ ነገር ልቃወም። አነስተኛ ሙችዋል ኩባንያ (ባለቤቶቹ ራሳቸው መድን ገቢዎቹ የሆኑበት) የቦርድ አባላቱ ገበሬና ነጋዴ ናቸው። «በመመሪያው መሠረት» የሚል ደንብ ሲያዩ መመሪያውን ገዝተው አያነቡም። «የሲኤኤስ አባል» ሲባል ግን በአምስት ደቂቃ ከማኅበሩ መዝገብ ያረጋግጣሉ። ማዕረጉንና ፈተናውን በደንቡ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ለእነሱ ይጠቅማል።

ሕግ አርቃቂ
አቶ ሽመልስ፣ ስለ ቦርዱ ያሉት እውነት ነው፤ መፍትሔው ላይ ግን እለያለሁ። የፈተና ስም በደንብ ውስጥ ሲገባ ዕድሜው አጭር ነው። ሲኤኤስና ኤስኦኤ ፈተናቸውን ያሻሽላሉ፣ ቁጥርና ስም ይቀይራሉ። ኤንኤአይሲ ሰንጠረዡን ማደስ ይችላል። የስቴት ደንብ ግን ለመታደስ ማስታወቂያ፣ የአስተያየት ጊዜ፣ ምናልባትም የሕዝብ ስብሰባ፣ ከዚያ በኋላ ኅትመት ይጠይቃል። በመሐል አዲሱን ፈተና ያለፈ ሰው በደንቡ ቃል ብቁ አይደለም ይባላል። የሰብለ ስቴት አሮጌ ደንብ ለዚህ ማስረጃ ነው፤ መመሪያው በ2019 ተቀይሮ ደንቡ እዚያው ቀርቷል።

ማዕረግ ብቻ መጻፍም የራሱ ጉድለት አለው። «የሲኤኤስ አባል» ሲባል የመጠባበቂያ ልምድ የሌለው ሰውም ይካተታል። የ2019ኙ ለውጥ ያስፈለገው በከፊል ለዚህ ነው፤ ኤስኦኤ የጠቅላላ መድን ዘርፍ ስለከፈተም «ማን ይካተት» የሚለው ጥያቄ መመለስ ነበረበት።

ለቦርዱ የሚጠቅመው መሥሪያ ቤቱ ከደንቡ ጋር የሚያወጣው የአንድ ገጽ ሰርኩላር ነው። ሰርኩላር በየዓመቱ ይታደሳል፤ ደንብ አይታደስም።

ሽመልስ የትንሽ ኩባንያ
ሰርኩላሩን እቀበላለሁ። ትንሽ ኩባንያዎች ከዚህ ግዴታ ነፃ የሚሆኑበት መስመር ግን በረቂቁ ውስጥ ይጠበቅ። በመመሪያው የዓመቱ ጠቅላላ የቀጥታና (ከሌላ መድን ሰጪ በጠለፋ ዋስትና) የተቀበለው አረቦን ከ1,000,000 ዶላር በታች፣ የዓመት መጨረሻ የቀጥታና የተቀበለው የካሳ መጠባበቂያም ከ1,000,000 ዶላር በታች የሆነ ኩባንያ ነፃ የመሆን ጥያቄ ያቀርባል። ሁለቱም መሟላት አለባቸው፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። የገንዘብ ችግር የሚባለውም አለ፤ የአስተያየቱ ወጪ ከካፒታልና ሰርፕላስ 1 በመቶ ወይም ከዓመቱ የቀጥታና የተቀበለው አረቦን 3 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው፣ ሲበልጥ ነው።

ሰብለ ኮምፕላያንስ
«በመመሪያው መሠረት» ብሎ መጻፍ ራሱ በሕግ ይፈቀዳል? የስቴታችን ጠበቃ ተጠራጥሯል።

ሕግ አርቃቂ
ጠበቃችሁ የያዘው ነጥብ ጠንካራ ነው። ሁለት ዓይነት አጠቃቀስ አለ። አንደኛው የተወሰነ ዓመት መመሪያን ይጠቅሳል፤ «የ2025 መመሪያ» እንደማለት። ይህ በሕግ አስተማማኝ ነው፤ ሰነዱ የታወቀና የተዘጋ ስለሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ያረጃል። ሁለተኛው «በየጊዜው በሚሻሻለው መመሪያ» ይላል። ይህ አያረጅም። ነገር ግን ኤንኤአይሲ የስቴት ሕግ አውጪ አካል ስላልሆነ፣ ወደፊት የሚያወጣውን ሁሉ አስቀድሞ መቀበል የሕግ ማውጣት ሥልጣንን ለውጭ አካል አሳልፎ መስጠት ነው የሚል ክርክር ይነሳል፤ በየስቴቱ ሕገ መንግሥትና ፍርድ ቤት መልሱ ይለያያል።

መካከለኛ መንገድ አለ። የስቴቱ ሕግ ራሱ ዓመታዊ ሪፖርት በኤንኤአይሲ መመሪያ ይቅረብ ብሎ ካዘዘ፣ ደንቡ አዲስ ትርጉም አይፍጠር፤ «ለሚቀርበው ሪፖርት ዓመት በሕጉ መሠረት የሚሠራው መመሪያ» ብሎ ወደ ሕጉ ይመልስ። ሥልጣኑ ያኔ ከሕጉ ይመጣል እንጂ ከደንቡ አይደለም። ሕጉ ይህን የማይል ከሆነ ዓመቱን ጠቅሶ በየዓመቱ በኮሚሽነር ትእዛዝ ማደስ ይሻላል፤ ይህም ሕጉ ኮሚሽነሩን ከፈቀደለት ነው። ጠበቃው ሥልጣን የሚሰጠውን አንቀጽ ፈልጎ ያንብብ።

ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ
ከደንቡ ቃል ይልቅ ኩባንያዎች ምርመራ ላይ የሚያዙት በቦርዱ ሰነድ ነው። የጊዜ ሰሌዳውን ላስቀምጥ።

ቦርዱ የተሾመውን አክቹዋሪ አስተያየቱ የሚመለከተው ዓመት እስኪያልቅ፣ እስከ ዲሴምበር 31፣ መሾም አለበት። የመጀመሪያ ሹመት ሲሆን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለመቀመጫ ስቴቱ ኮሚሽነር ይታወቃል። አክቹዋሪው ብቃቱን የሚያሳይ ሰነድ ሲሾም ለቦርዱ ይሰጣል፣ በየዓመቱም ያድሳል። ሰነዱ ትርጉሙን በየመስፈርቱ እንዴት እንደሚያሟላ ያሳይ፤ «20 ዓመት ልምድ አለኝ» አይበቃም፤ የት፣ መቼ፣ በየትኛው የመድን ዓይነት፣ በምን ኃላፊነት የሚለው ይጻፍ። ቦርዱ መመልከቱን ቃለ ጉባኤው ያሳያል። ሰነዱ የሥራ ወረቀት ተደርጎ ይያዛል፤ መርማሪ ሲጠይቅ ይቀርባል።

አስተያየቱ ማርች 1 ከዓመታዊ ሪፖርቱ ጋር ይገባል። የአክቹዋሪው አስተያየት ማጠቃለያ ማርች 15 ይገባል፤ ምስጢራዊ ነው፣ አስተያየቱ ግን ለሕዝብ ክፍት ነው። አስተያየቱን የሚደግፈው ዝርዝር ዘገባ እስከ ሜይ 1 ዝግጁ ይሁን። አክቹዋሪው ለቦርዱ ማቅረቡም በየዓመቱ በቃለ ጉባኤ ይገባል፤ በአካል፣ በስልክ ወይም በጽሑፍ መሆኑ ይገለጽ።

አክቹዋሪ ሲቀየር ኩባንያው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ለኮሚሽነሩ ያሳውቃል።

መጠባበቂያ ሠሪ
እህት ቃለ ጉባኤ፣ የመጨረሻዋን መስመር ላስተካክላት። መቀየሩን ማሳወቅ በ5 የሥራ ቀናት ነው። ከዚያ ማስታወቂያ ቀን ተቆጥሮ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ሌላ ደብዳቤ ይከተላል፤ ከመቀየሩ በፊት በነበሩት 24 ወራት ከቀድሞው አክቹዋሪ ጋር በአስተያየቱ ይዘት ላይ አለመግባባት ነበር ወይ የሚለውን ይመልሳል። የስጋት መግለጫ፣ ወሰን፣ የአሠራር ዘዴ፣ የአስተያየቱ ዓይነት፣ የቃላት አመራረጥ፣ የመረጃ ጥራት ሁሉ ይካተታል፤ ተስማምተው የፈቱት አለመግባባትም ቢሆን። ኩባንያው የቀድሞውን አክቹዋሪ በዚህ ላይ መስማማቱን በጽሑፍ እንዲገልጽ ይጠይቃል።

ለረቂቁ ያለው ትርጉም ቀላል አይደለም። አዲሱ ደንብ የሰብለን ሰው ብቁ አይደለህም ብሎ ካስወጣው ኩባንያው ያለ ምንም ጥፋት በዚህ ሁሉ ሂደት ያልፋል፤ መርማሪም መዝገቡን ሲያይ «ለምን ተቀየረ» ይላል። ስለዚህ የሽግግር አንቀጽ የግድ ነው።

ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ
ትክክል ነህ፣ አመሰግናለሁ። ሁለቱን ደብዳቤዎች አንድ አድርጌ ጻፍኩ።

ሽግግሩ ላይ ልጨምር። ደንቡ ለምሳሌ በኖቬምበር አጋማሽ ሥራ ላይ ቢውል ቦርዶች ብዙውን ጊዜ በሩብ ዓመት አንዴ ስለሚሰበሰቡ እስከ ዲሴምበር 31 አዲስ ሰው ለመሾም ጊዜ የለም። የሚሠራበት ቀን በ«ሪፖርት ዓመት» ይነገር፤ «ከዚህ ቀን በኋላ ለሚጀምር ሪፖርት ዓመት» ቢል ቦርዱ ሙሉ ዓመት ያገኛል።

ሩት ጤና መድን
ለጤና ያለው ጉዳይ ላይ አንድ ቃል። በጤና ሪፎርም ሕጉ ሥር ያለው የፌዴራል ደንብ የአክቹዋሪያል ዋጋ (ዕቅዱ ከሕክምና ወጪ የሚሸፍነው ድርሻ) ስሌቱ ከፌዴራል መንግሥቱ ካልኩሌተር ጋር በማይገጥምበት ጊዜ ማረጋገጫው በአሜሪካ አክቹዋሪዎች አካዳሚ አባል እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የአካዳሚ አባልነትን ከጤናው ክፍል አውጥቶ መጣል አይቻልም። «አካዳሚ» የሚለው ቃል በጤና ይቆይ፣ በንብረት ግን በመመሪያው ይተካ፤ ይህ ብቻውን ለምን አንድ ትርጉም እንደማይበቃ ያሳያል።

ቢኒያም ከአዲስ አበባ
ከርቀት የምከታተል ነኝ። እዚህ የመድን ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ብቻ ስለሆነ የሃምሳ ስቴት ጣጣ የለም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ ከሌላ አገር ማኅበር ማዕረግ የያዘ ሰው በአሜሪካው ሦስተኛ መስፈርት ይገባል?

መጠባበቂያ ሠሪ
ወንድም ቢኒያም፣ በማኅበሩ ስም አይወሰንም። ማኅበሩ ያንኑ የሥነ ምግባር ደንብና የአሜሪካን የብቃት ስታንዳርድ ካስከበረና አባላቱ አሜሪካ ሲሠሩ በኤቢሲዲ ከተሳተፈ ሦስተኛውን ያሟላል። የሚጠልፈው ሁለተኛው ነው። ተቀባይነት ያላቸው ማዕረጎች ኤፍካስ፣ ኤይካስና ኤፍኤስኤ ብቻ ስለሆኑ የሌላ አገር ማዕረግ ብቻውን አያስገባም። መንገዱ የካዡዋልቲ ምክር ቤቱ ግምገማ ወይም የኮሚሽነሩ ማጽደቂያ ነው።

ሰብለ ኮምፕላያንስ
ተረድቻለሁ። የእኛ ሰው ፈተና 6ን በአሜሪካ ቅጂ፣ ፈተና 7ንም አልፏል፤ ማስረጃው ፋይል ውስጥ አለ። ስለዚህ በመመሪያው ብቁ ነው፣ በአሮጌው ደንብ ብቁ ነው፣ በረቂቁ ብቻ ይወጣል። ለአስተያየት ደብዳቤው የምትመክሩት የአንቀጽ ቃል ካለ ጻፉልኝ።

ሕግ አርቃቂ
ለንብረትና ኃላፊነት ክፍል ይህን አቅርቡ፤ ጠበቃው ከስቴቱ ሕግ ጋር ያስተካክለው፦

«ለንብረትና ኃላፊነት መድን ዓመታዊ ሪፖርት ሲባል፣ ብቁ አክቹዋሪ ማለት ለሚቀርበው ሪፖርት ዓመት በሕጉ መሠረት በሚሠራው የኤንኤአይሲ የንብረትና ኃላፊነት ዓመታዊ ሪፖርት መመሪያ የተሰጠውን ትርጉም የሚያሟላ፣ ወይም በዚያው መመሪያ መሠረት በኮሚሽነሩ የጸደቀ ሰው ነው። ይህ ትርጉም ለሕይወት መድን ትመና፣ ለጤና መድን ማረጋገጫዎች፣ በፌዴራል ሕግ ለሚመሩ የስጋት ማቆያ ቡድኖች አስተያየትም አይሠራም። ደንቡ ከጸደቀበት ቀን በኋላ ለሚጀምር ሪፖርት ዓመት ይሠራል።»

በደብዳቤው ውስጥ ሌላ ሦስት ነገር ጠይቁ። የሕይወት መድን ማገጃ አንቀጽ ከነማስታወቂያውና ከነመሰማቱ እንዲቆይ። በማኔጂንግ ጄኔራል ኤጀንት አንቀጽ ያለው «አክቹዋሪ» በዚሁ ዙር አብሮ እንዲታይ። መሥሪያ ቤቱ ቃሉ የሚገኝባቸውን የደንብ ክፍሎች ሁሉ ዘርዝሮ ከረቂቁ ጋር እንዲያያይዝ። ረቂቁ ይጎዳል ብቻ አትበሉ፤ የትኛው ሰው በየትኛው ቃል እንደሚወጣ በሰንጠረዥ አሳዩ፤ ኤይካስ ከፈተና 7 ጋር፣ የካናዳ ቅጂ ያለው ኤፍካስ፣ የጡረታ አክቹዋሪ የሆነ የአካዳሚ አባል። ሦስቱን በአሮጌው ደንብ፣ በመመሪያውና በረቂቁ ሲያስተያዩት የጡረታ አክቹዋሪው ገብቶ ባለ ፈተና 7ቱ እንደሚወጣ አርቃቂው ራሱ ያየዋል።

ሄዋን የጥናት ሰዓት
ሰብለ፣ ደብዳቤው መልስ እስኪያገኝ የአካዳሚ አባልነት ማመልከቻውን ሰውየው አሁኑኑ ይጀምር። ረቂቁ ሳይቀየር ቢጸድቅ እንኳ ቦርዱ በዲሴምበር ሰው ፍለጋ አይሯሯጥም።